የኤልክሃርት ባንክ እንዴት ወደቀ? ለቁጠባ ማህበሮቻችንም የሚሆን ታሪክ

አዝመራው ገባ፣ ተወቃ፣ ግማሹ ጎተራ ግማሹ ገበያ ሄደ። አሁን ገንዘብ እጃችን ላይ ያለበት ወቅት ነው። ሰሞኑን ስለ ነቀዝና ስለ ጎተራ አያያዝ ብዙ ብለናል። ዛሬ ግን እህሉ ወደ ገንዘብ ከተለወጠ በኋላ ስለሚገባበት ጎተራ ላውራችሁ። ባንኩ፣ የቁጠባ ማህበሩ፣ የእቁቡ ሳጥን ማለቴ ነው። እዚያም ነቀዝ ይገባል።

ታሪኩ የሩቅ አገር ነው፣ አሜሪካ። «ምን አገናኘን?» እንዳትሉኝ፤ ሰዎቹ እንደናንተው ማሽላና ስንዴ የሚዘሩ ገበሬዎች ናቸው። ታገሱኝና እስከ መጨረሻው አንብቡት።

ኤልክሃርት የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ካንሳስ በሚባለው ግዛት ደቡብ ምዕራብ ጥግ፣ ከኦክላሆማ ድንበር ላይ ነው የተቆረቆረችው። ኮሎራዶ የሚባለው ሶስተኛው ግዛትም ቅርብ ነው። ነዋሪዋ ሁለት ሺህ አይሞላም፤ ከአንድ ቀበሌያችን ሕዝብ ያንሳል ማለት ነው። ሞርተን ካውንቲ የሚባለው (እንደኛ ወረዳ በሉት) ዋና ከተማው እሷ ነች። አገሩ ሜዳ ነው፣ ዝናቡ ትንሽ፣ ነፋሱ ብርቱ። የሚዘራው ስንዴና ማሽላ ነው፤ ከብትም ያረባሉ። ካንሳስ በማሽላ ምርት ከአሜሪካ ግዛቶች ሁሉ ቀዳሚ ነው። ማሽላ ደግሞ መጀመሪያ ለማዳ የሆነው በእኛው በሰሜን ምሥራቅ አፍሪካ አካባቢ ስለሆነ፣ ሰዎቹ በዘር እንኳን ዘመዶቻችን ናቸው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ስለ ባንኩ ከመናገሬ በፊት ግን ስለ አፈሩ ልንገራችሁ። ያለ አፈሩ የባንኩ ነገር አይገባም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት «ዓ.ም.» ካላልኩ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ጊዜ የስንዴ ዋጋ ሰማይ ነካ። አንድ ቡሼል፣ ማለትም 27 ኪሎ ገደማ ስንዴ፣ ከ2 ዶላር በላይ ወጣ። ገበሬው ሁሉ ተበድሮ መሬት ገዛ፣ ተበድሮ ትራክተር ገዛ፣ ለዘመናት ታርሶ የማያውቀውን የሣር ሜዳ ገለበጠው። ባንኮቹም ደስ ብሏቸው አበደሩ። ጦርነቱ አለቀና በ1920 እና በ1921 ዋጋው ወደ ግማሽ ወረደ። ዕዳው ግን አልወረደም። ያኔ ነው የገጠር ባንኮች መውደቅ የጀመሩት። ከ1921 እስከ 1929 ባለው ጊዜ ብቻ በአሜሪካ ከ5 ሺህ በላይ ባንኮች ተዘግተዋል። አብዛኞቹ በትናንሽ የገጠር ከተሞች የነበሩ ትናንሽ ባንኮች ናቸው።

አንዳንድ ግዛቶች ይሄን ነገር አስቀድመው ፈርተው ነበር። ካንሳስ በ1909 አንድ ሕግ አወጣ። ባንኮች ጥቂት ጥቂት እያዋጡ የጋራ ገንዘብ ያስቀምጣሉ፣ ከመካከላቸው አንዱ ቢወድቅ የአስቀማጮቹ ገንዘብ ከዚያ ይከፈላል። እንደ እድር ማለት ነው። ስምንት ግዛቶች ይህንን ሞከሩት። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ ግን የስምንቱም ፈንድ በ1930 አካባቢ ሞቶ አልቋል። ለምን መሰላችሁ? እድርተኛው ሁሉ አንድ ዓይነት ሥራ የሚሠራ ስለሆነ ነው። የአንድ አገር ባንክ ሁሉ ለስንዴ ገበሬ ካበደረ፣ ስንዴው ሲረክስ ሁሉም አንድ ላይ ይታመማል። የአንድ ቀበሌ ሰው «በሬ ለሞተበት እንተካለን» ብሎ እድር ቢያቋቁም፣ በሽታ ገብቶ የሁሉም በሬ በአንድ ወር ቢሞት ማን ለማን ይተካል? እንደዚያ ነው የሆነው።

ከዚያ ድርቁ መጣ። ሣሩ ስለተገለበጠ አፈሩን የያዘው ሥር አልነበረም። በ1930ዎቹ ነፋሱ አፈሩን እያነሳ ቀኑን ጨለማ አደረገው። ሞርተን ካውንቲ በዚያ የአቧራ ማዕበል ክፉኛ ከተጎዱት ቦታዎች ውስጥ ነው። ሚያዝያ 6 ቀን 1927 ዓ.ም. የተነሳውን ማዕበል ዛሬም «ጥቁሩ እሁድ» ይሉታል። ብዙ ሰው ቤቱን ጥሎ ተሰደደ።

እንግዲህ ልብ በሉ። ከዚያ መከራ ሁለት ነገር ተወለደ። አንደኛው የአፈር ጥበቃ ነው። በ1935 መንግሥት የአፈር ጥበቃ መሥሪያ ቤት በሕግ አቋቋመ፤ ሂዩ ቤኔት የሚባለው የአፈር ባለሙያ መራው። ከእርከን፣ ከኮንቱር እርሻ፣ መሬትን ሳይሸፍኑ ካለመተው ጋር እኛም ኮሌጅ የተማርነው ትምህርት ብዙው ከዚያ ዘመን የወጣ ነው። ሰው ጥሎት የሄደውን መሬት መንግሥት ገዝቶ መልሶ ሣር አለበሰው። ዛሬ ሲማሮን የሚባለው ከ43 ሺህ ሄክታር በላይ የሆነ የሣር ምድር ኤልክሃርት አጠገብ አለ።

ሁለተኛው የተቀማጭ ገንዘብ መድን ነው። በ1933 የወጣው ሕግ የባንኮቹን እድር ከአንድ ግዛት አውጥቶ አገር አቀፍ አደረገው። የስንዴው አገር ባንክ ሲታመም የፋብሪካው አገር ባንክ ይሸፍነዋል። ከጥር 1934 ጀምሮ ሥራ ሲጀምር የሚሸፍነው ለአንድ ሰው እስከ 2,500 ዶላር ነበር። ዛሬ ለአንድ አስቀማጭ በአንድ ባንክ እስከ 250 ሺህ ዶላር ነው። ገንዘቡን የሚያዋጡት ባንኮቹ ራሳቸው ናቸው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በዚህ መድን የተሸፈነ ገንዘብ አንድ ሳንቲም የጠፋበት አስቀማጭ የለም።

አፈሩን ከነፋስ፣ ገንዘቡን ከባንክ ውድቀት የሚጠብቁት ሁለቱ አጥሮች በአንድ ዘመን፣ በአንድ መከራ ታጠሩ ማለት ነው። አሁን ወደ ዘመናችን እንምጣ።

በኤልክሃርት ኸርትላንድ ትራይ ስቴት ባንክ የሚባል ነበር። ትራይ ስቴት ማለት «ሶስት ግዛት» ነው። አራት ቅርንጫፍ ብቻ ያለው ትንሽ ባንክ ነው። ጠቅላላ ሀብቱ 139 ሚሊዮን ዶላር፣ የሰው ተቀማጭ 130 ሚሊዮን ዶላር ገደማ። ለአሜሪካ ይህ ኢምንት ነው። ለአካባቢው ገበሬ ግን የዘር፣ የማዳበሪያ፣ የከብት፣ የማሽን ብድር የሚገኝበት ቤት ነው። ባለአክሲዮኖቹም (እኛ በማህበራችን «ዕጣ» እንደምንለው) የአካባቢው ሰዎች ነበሩ፣ ጥቂት ቤተሰቦች። ለጡረታዬ፣ ለልጄ ብለው ነው እዚያ ያኖሩት። ባንኩ ጤነኛ ነበር። ያልተመለሰ ብድር አላነቀውም፤ ድርቅም አላወደቀውም።

ሥራ አስኪያጁ ሻን ሄንስ ይባላል። እስቲ ስለዚህ ሰው የሚባለውን ስሙ። የካንሳስ ባንኮች ማህበር ሊቀመንበር የነበረ ሰው ነው። ስለ ገጠር ባንኮችና ስለ ገበሬው ብድር በአሜሪካ ምክር ቤት ፊት ቀርቦ የተናገረ ሰው ነው። እሁድ እሁድ በቤተ ክርስቲያን ይሰብካል። ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል፣ ሁሉ ያከብረዋል። ሌባ ሊሆን ይችላል ብሎ ያሰበ አልነበረም። እሱም ራሱ አስቦት የነበረ አይመስለኝም።

በ2022 መጨረሻ አካባቢ በዋትስአፕ ከማያውቀው ሰው ጋር ወሬ ጀመረ። ሰውየው ክሪፕቶ ስለሚባለው፣ በእጅ ስለማይዳሰስና በኮምፒውተር ስለሚገበያዩበት ገንዘብ ያወራው ጀመር። «ይሄን ያህል ብታስገባ ይሄን ያህል ታተርፋለህ።» ሄንስ መጀመሪያ የራሱን ገንዘብ አስገባ። ስክሪኑ ላይ ትርፉ ሲያድግ አየ። ጨመረ።

የዚህ ማታለል ስሙን ስሰማ ደንግጫለሁ፤ የኛው ሥራ ነዋ! ከቻይንኛ የመጣ ስም ነው፣ «አሳማ አደልቦ ማረድ» ይሉታል። እኛ ሙክት እንደምናደልበው በሉት። ሙክቱን በመጀመሪያው ቀን ማን ያርደዋል? ፉርሽካ ትሰጠዋለህ፣ ጨው ታልሰዋለህ፣ ታሻሸዋለህ። እሱ የተወደደ ይመስለዋል። በዓሉ ሲደርስ ያኔ ቢላዋው ይመጣል። አታላዮቹም እንደዚያ ነው የሚያደርጉት፤ ለወራት ያጫውቱሃል፣ ትርፍ ያሳዩሃል፣ ወፍረሃል ብለው ሲያስቡ ያርዱሃል።

ሄንስ የራሱ ገንዘብ ሲያልቅ ወደ ሰው ገንዘብ እጁን ሰደደ። ከሚሰብክበት ቤተ ክርስቲያን 40 ሺህ ዶላር ገደማ ወሰደ። ከአካባቢው የኢንቨስትመንት ክበብ 10 ሺህ ወሰደ። ለልጁ የኮሌጅ ትምህርት ከተቀመጠው 60 ሺህ ገደማ ወሰደ። ከዚያ ወደ ባንኩ ዞረ።

ከግንቦት 22 እስከ ሰኔ 30 ቀን 2015 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ ማለትም በ40 ቀን ውስጥ፣ ከአሥር ያላነሱ የሐዋላ ዝውውሮችን አዘዘ። በጠቅላላው 47.1 ሚሊዮን ዶላር ከባንኩ ወጣ። ሁሉም ወደ ክሪፕቶ፣ ከዚያም ወደ አታላዮቹ ኪስ።

አሁን ጥያቄው፣ ባንኩ ደንብ አልነበረውም ወይ? ነበረው እንጂ! ምን ያህል ገንዘብ በስንት ሰው ፈቃድ እንደሚላክ ተጽፎ የተቀመጠ ነበር። የቀን ጣሪያም ነበረ። ከውድቀቱ በኋላ የመረመሩት የመንግሥት ሰዎች ያገኙት ግን፣ ሠራተኞቹ ሥራ አስኪያጁ ስላዘዘ ብቻ ደንቡን እየዘለሉ እንደላኩለት ነው። ሠራተኛው ሌባ አይደለም። ግን አስቡት፤ ትንሽ ከተማ ነው፣ ሌላ ሥራ በቀላሉ አይገኝም፣ ሰውየው አለቃህ ነው፣ እሁድ ደግሞ ሰባኪህ ነው። «ጌታዬ፣ ይሄ ገንዘብ የት ነው የሚሄደው?» ብሎ ለመጠየቅ አንደበት ከየት ይምጣ? የተማመኑበት ፈረስ ይጥላል በደንደስ የሚለው የኛ ተረት ለኤልክሃርት የተነገረ ይመስላል።

መጨረሻ ላይ ነገሩን ያወጣው ኦዲተር አይደለም፣ ጎረቤት ነው። ሄንስ ገንዘቡን ከዚያኛው ወገን ለማስለቀቅ ተጨማሪ ገንዘብ እንደሚያስፈልግ ተነግሮት ነበር። ሐምሌ መግቢያ ላይ ወደ አንድ ሀብታም ጎረቤቱና ደንበኛው ሄዶ 12 ሚሊዮን ዶላር አበድረኝ አለው። ጎረቤቱ ነገሩን ሲሰማ «ይሄ'ኮ ማታለያ ነው፣ ተው» አለው። አላበደረውም። ዝም ብሎም አልተቀመጠ፤ ለባንኩ የቦርድ አባል ተናገረ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ፈጠነ። ዓርብ ሐምሌ 21 ቀን 2015 ዓ.ም. (ጁላይ 28 ቀን 2023) የካንሳስ የባንክ ተቆጣጣሪ ባንኩን ዘጋውና ለመድን ድርጅቱ አስረከበው። የባንኩ ካፒታል አልቋል፤ የሚያስተርፈው ነገር አልነበረም።

እዚህ ላይ ነው የ1933ቱ ሕግ ሥራውን የሠራው። ዓርብ ማታ የተዘጋው ባንክ ሰኞ ጠዋት በሌላ ስም ተከፈተ። በዚያው በካንሳስ ሲራኪዩስ በምትባል ከተማ ያለው ድሪም ፈርስት ባንክ ተቀማጩን ሁሉ ተረከበ። አራቱም ቅርንጫፎች ሥራ ጀመሩ። ገበሬው ቼኩን ሲጽፍ ቼኩ ሠራ። ደመወዝ የሚጠብቅ ደመወዙን አገኘ። አንድም አስቀማጭ ገንዘቡን አላጣም። የዛሬ መቶ ዓመት ቢሆን ኖሮ የኤልክሃርት ሰው በር ላይ ተሰልፎ ነበር የሚያለቅሰው።

ታዲያ ኪሳራው የት ሄደ? ገንዘብ ከጠፋ አንድ ሰው ላይ ማረፉ አይቀርም። የመጀመሪያው ተሸካሚ የመድን ፈንዱ ነው። ባንኩ በወደቀበት ቀን የገመተው ኪሳራ 54.2 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ይህ ማለት በመላው አሜሪካ ያሉ ባንኮች ካዋጡት ላይ ተከፈለ ማለት ነው።

ሁለተኛዎቹ ባለአክሲዮኖቹ ናቸው። ይህን ልዩነት በደንብ ያዙልኝ፣ ለኛም ይጠቅማል። ባንክ ያስቀመጥከው ገንዘብ ያንተ ነው፣ ባንኩ ተበድሮሃል። አክሲዮን ከገዛህ ግን የባንኩ ባለቤት ነህ፤ ሲያተርፍ ትካፈላለህ፣ ሲወድቅ አብረህ ትወድቃለህ። መድን አክሲዮንን አይሸፍንም። ስለዚህ የጡረታ ገንዘባቸውን ባንኩ ውስጥ በአክሲዮን ያኖሩት የአካባቢው ሰዎች በአንድ ቀን ባዶ እጃቸውን ቀሩ። ሄንስን ደግሞ በቅርብ የሚያውቁት ሰዎች ናቸው። ገንዘቡ ሲጠፋ ወዳጅነቱም አብሮ ጠፋ።

ሄንስ በ2024 ጥፋተኛ መሆኑን አመነ። በነሐሴ 2016 ዓ.ም. ፍርድ ቤት የ293 ወር እስራት ፈረደበት። 24 ዓመት ከ5 ወር ነው። ተበዳዮቹ ፍርድ ቤት ቀርበው የደረሰባቸውን ተናገሩ። ከፍርዱ በኋላ አንድ መልካም ዜና መጣ። የፌዴራል መርማሪዎች ገንዘቡን ተከታትለው 8 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ስላስመለሱ፣ ዳኛው ለባለአክሲዮኖቹ እንዲከፈል ወሰነ። ቀሪው ግን እንደወጣ ቀረ። ከ47 ሚሊዮን ስምንት ብቻ። ከአሥር ጆንያ ሁለት እንኳን አይሞላም።

እዚህ ላይ ታሪኩን ልጨርስ እችል ነበር። ግን እናንተን «ተጠንቀቁ» ብዬ ራሴን ብደብቅ ደስ አይለኝም።

እኔም ደልቤ ነበር።

ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት አንድ ጓደኛዬ የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ አስገባኝ። «በቀን ጥቂት ነገር እየተጫንክ ትሠራለህ፣ ታተርፋለህ» የሚል ነው። ከደመወዜ 4 ሺህ ብር አስገባሁ። በሶስት ሳምንት ስልኬ ላይ 11 ሺህ ሆነ። ማታ ማታ እያየሁት እተኛለሁ። ላወጣው ስል «መጀመሪያ ግብር 3 ሺህ ብር ክፈል» አሉኝ። ደመወዝ ገና ነው። አባቴ በዚያ ሰሞን ወይፈን ሸጠው ነበርና አገር ቤት ሄጄ አበድሩኝ አልኳቸው። ስልኬንም አሳየኋቸው። እኔ ዲፕሎማ አለኝ፣ እሳቸው የሚፈርሙት በአውራ ጣታቸው ነው።

አባቴ ስልኩን ብዙ አላዩትም። «ልጄ፣ አለ ካልከኝ አለ። ግን ከዚህ ውስጥ መቶ ብር ብቻ አውጣና እጄ ላይ አድርጋት። ያኔ ሦስቱንም ሺህ እሰጥሃለሁ» አሉኝ። በቃ። መቶ ብሯን ማውጣት አልቻልኩም። ተናድጄባቸው ተመለስኩ፤ «አላመኑኝም» ብዬ ለሳምንት ደውዬ አልጠየቅኋቸውም። ከዚያ ግሩፑ ጠፋ፣ ጓደኛዬም የሱን 9 ሺህ አጣ። አራቱ ሺህ ብሬ ሄዷል፤ የወይፈኑ ገንዘብ ግን ተረፈ።

የኤልክሃርቱን ጎረቤት ታሪክ ሳነብ ትዝ ያሉኝ አባቴ ናቸው። ሁለቱም ያደረጉት አንድ ነገር ነው፤ የሚወዱት ሰው ሲጠይቃቸው እሺ ከማለት በፊት «አሳየኝ» አሉ። እኔ ያን ቀን እንደ ስድብ ነበር የቆጠርኩት። አሁን ሲገባኝ፣ ያን ቀን እኔን የጠበቀኝ ያ ጥያቄ ነው። ሄንስንም ግንቦት ላይ አንድ የባንኩ ሠራተኛ «አሳየኝ» ብሎት ቢሆን ኖሮ፣ ሰውየው ዛሬ እስር ቤት ባልሆነ፣ ባንኩም በስሙ ቆሞ በነበረ። ቁጥጥር የሚጠብቀው ገንዘቡን ብቻ አይደለም። ገንዘብ ያዡን ራሱን ከፈተና ይጠብቀዋል።

እሺ፣ አሁን ወደ ቀበሌያችን። የገጠር ቁጠባና ብድር ማህበሮቻችንን አውቃቸዋለሁ። በብዙዎቹ አባሉ ደብተሩን አይጠይቅም፣ ቢጠይቅ «እኔን አታምነኝም?» ይባላል። ይሄ «አታምነኝም?» የሚለው ቃል ነው ኤልክሃርትን የጣላት። ስለዚህ እነዚህን አምስት ነገሮች ያዙ፦

1. ሁለት ፊርማ ሲባል ሁለት ሰው ማለት ነው። ሁለተኛው ሰው ባዶ ቼክ ላይ አስቀድሞ ፈርሞ የሚሰጥ ከሆነ አንድ ፊርማ ነው ያላችሁ። ሁለተኛው ፈራሚ «አልፈርምም» ማለት የሚችል፣ የሰብሳቢው ዘመድ ወይም ተቀጣሪ ያልሆነ ይሁን። አለቃ ደንብ ዝለል ካለ ሠራተኛው ለማን እንደሚያመለክት በመተዳደሪያ ደንባችሁ ላይ ይጻፍ።

2. ቁጥጥር ኮሚቴው ሥራውን ይሥራ። በማህበሩ መዝገብ ላይ ያለው ገንዘብ ባንክ ካለው ጋር እኩል መሆኑን የባንክ መግለጫውን ራሱ ከባንኩ ተቀብሎ ያስተያይ። ሂሳብ ሹሙ ካመጣው ወረቀት ላይ ብቻ አይይ። ቀን ተነግሮ የሚደረግ ቆጠራ ደግሞ ቆጠራ አይደለም፣ ሳይነገር ይሁን።

3. ገንዘብ የያዘ ሰው በዓመት አንዴ ለሁለት ሳምንት ያህል ለሌላ ሰው አስረክቦ ይረፍ። ባንኮች ይህን የሚያደርጉት ለእረፍቱ ብቻ አይደለም፤ የተደበቀ ነገር ካለ ብቅ የሚለው ሌላ ሰው መዝገቡን ሲይዝ ስለሆነ ነው።

4. ምን እንደተሸፈነ እወቁ። በአገራችንም የተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድ ተቋቁሟል፤ በባንክና በማይክሮፋይናንስ ተቋም ላለ ተቀማጭ ለአንድ አስቀማጭ እስከ 100 ሺህ ብር ይሸፍናል። የቁጠባና ብድር ማህበራችሁ ግን በዚህ ውስጥ የለም። የማህበሩ መድን እናንተው ናችሁ፤ ጠቅላላ ጉባኤ መገኘታችሁ፣ ደብተራችሁን ማስመዝገባችሁ፣ ኦዲት ይደረግ ብላችሁ መጠየቃችሁ።

5. ገንዘብ ለማውጣት መጀመሪያ ገንዘብ ክፈል የሚላችሁ ሁሉ አታላይ ነው። ሌላ ምልክት አትፈልጉ፣ ይሄ አንዱ ይበቃል። ልጆቻችሁ ስልክ ላይ ትርፍ ካሳይዋችሁ አትቆጧቸው፤ «መቶ ብር አውጣና አሳየኝ» በሏቸው።

ሞርተን ካውንቲ አፈሩ በነፋስ ሲወሰድ ሰዎቹ «ነፋሱ ክፉ ነው» ብለው አልተዉትም፤ ሣር መለሱ፣ እርሻቸውን በኮንቱር አደረጉ። ነፋሱ ዛሬም ይነፍሳል፣ አፈሩ ግን እንደዚያ ዘመን አይሄድም። የገንዘብም ነገር እንደዚያው ነው። አታላይ ነገም ከነገ ወዲያም አለ። እርከን የሌለው ማሳ ክረምት ሲመጣ ምን እንደሚሆን ለናንተ አልነግራችሁም።

በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤያችሁ ይህን ጽሑፍ አንድ ማንበብ የሚችል ልጅ ጮክ ብሎ ያንብብላችሁ። ከዚያ እያንዳንዱ አባል ደብተሩን አውጥቶ ከመዝገቡ ጋር ያስተያይ። ሰብሳቢዎችም ቅር አይበላችሁ። ቀድማችሁ «ኑ፣ እዩኝ» በሉ። እንዲህ የሚል ሰብሳቢ ያለው ማህበር ከሁሉ ይበልጣል።

ሰላም ሰንብቱልን። በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ጎተራችንና ወደ ነቀዙ እንመለሳለን።